ነጠላ ሕዋስ ስልቻ አይደለም

በሰሜን ሸዋ ለምንገኝ የባዮሎጂ መምህራንና ለሳይንስ ክበቦቻችን በሚዘጋጀው መጽሔት የቅርብ እትም ላይ፣ ነጠላ ሕዋስ ያላቸው ፍጥረታት ከውሃ ጋር ስላላቸው ጉዳይ ረዘም ያለ ጽሑፍ ወጥቷል። ጸሐፊው ብዙዎቻችን «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው፣ ዕድሜያቸውን በጠመኔ የጨረሱ መምህር ናቸው። ጽሑፋቸው ለማንበብ ይጥማል። ችግሩም እሱ ነው፤ ስለሚጥም ተባዝቶ ከደብረ ብርሃን አልፎ ደብረ ሲናና መሐል ሜዳ ደርሷል። ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ ገልብጠውት ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ላላነበበው ሰው ፍሬ ነገሩ ይኸውና። ነጠላ ሕዋስ ውሃ እንደ ልቡ የሚገባበት ስልቻ ነው ይላል። የገባውን ውሃ ተኮማታሪ ቫኪዩል የተባለችው ከረጢት እንደ ልብ እየመታች ንጹህ ውሃ አድርጋ ትረጨዋለች፤ እግረ መንገዷንም የኩላሊት ሥራ ትሠራለች። ይህች ከረጢት የሌለችው ነጠላ ሕዋስ የለም። ጨው ውሃ ስለሚመጥ የትኛውንም ጀርም ይገድላል። የደብረ ብርሃን ውርጭም ሕዋሳትን ስለሚያፈነዳ ውርጭ ላይ ያደረ ውሃ ንጹህ ነው። በመጨረሻም አሜባ የያዘው ሰው ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ ወፍራም የጨው ውሃ ቢጠጣ አሜባው ደርቆ ይወጣል። በየተራ ልያዛቸው። አንዳንዱን በሁለት መስመር አልፈዋለሁ፤ አንዳንዱ ግን መፍታታት ይፈልጋል።

ከስልቻው ልጀምር። ውሃ ወደ ሕዋስ ለመግባት የሕዋሱን ጉልበት አይጠይቅም ማለታቸው ልክ ነው። የሟሚ (ውሃ ውስጥ የሟሟ እንደ ጨውና ስኳር ያለ ነገር) ክምችት ካነሰበት ወገን ወደ በዛበት ወገን በሜምብሬኑ፣ ሕዋሱን በሸፈነው ስስ ሽፋን፣ በኩል ያልፋል፤ ኦስሞሲስ የምንለው ይህንኑ ነው። ከበሬሳ ወንዝ በተቀዳ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ፓራሚሲየም የተባለ ነጠላ ሕዋስ ውስጡ ያለው አዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት)፣ ስኳርና አሚኖ አሲድ ከውጭው ውሃ በእጅጉ ስለሚበልጥ፣ ውሃው ቀን ከሌሊት ወደ ውስጥ ይገባበታል። እስከዚህ ድረስ አንጣላም። የምንለያየው ከዚህ በኋላ ነው። ስልቻ ውስጡ ምን ያህል ሟሚ እንደሚኖር አይወስንም፤ ሕዋስ ይወስናል። ስልቻ ቆዳው ሲወጠር አይሰማውም፤ ሕዋስ ይሰማዋል፣ መልስም ይሰጣል። ውሃን ራሱን ይዞ የሚገፋ ፓምፕ እስካሁን በየትኛውም ሕዋስ አልተገኘም። ሕዋስ የሚገፋው አዮኖችን ነው፤ የሚሠራውና የሚያፈርሰው ትንንሽ ሟሚ ሞለኪውሎችን ነው። ውሃው እነሱን ተከትሎ ይሄዳል። የጽሑፉ ዋና ስህተት ይህን አለማየቱ ነው፤ ሌሎቹ ስህተቶች ከዚሁ የተወለዱ ናቸው ባይ ነኝ።

የውሃው መግቢያም ቢሆን ጽሑፉ እንደሚለው ዝም ብሎ የሚያፈስ ቀዳዳ አይደለም። ውሃ በሜምብሬኑ ቅባት በኩል ቀስ እያለ ያልፋል፤ በፍጥነት የሚያልፈው አኳፖሪን በተባሉ ፕሮቲኖች በኩል ነው። የፒተር አግሬ ቡድን የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1992 ከሰው ቀይ የደም ሕዋስ አገኘ፤ አግሬም በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋራ። ከዚያ ወዲህ ባክቴሪያዎችና ሌሎች ነጠላ ሕዋሳት ውስጥም ዘመዶቹ ተገኝተዋል።

አሁን ወደ ቫኪዩሏ። ትምህርት ቤቱ አንድ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ያለው መምህር ስለዚህ ከማንበብ ይልቅ ቢያየው ይሻለዋል። ከኩሬ ወይም ከወንዝ ዳር የተቀዳ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ፣ አንድ ጭብጥ የገብስ ጭድ ጨምሮ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ውሃው ሲደፈርስና ሲሸት ከላይኛው ክፍል አንድ ጠብታ ይነሣል። ፓራሚሲየም ፈጣን ስለሆነ ጠብታው ላይ ጥቂት የጥጥ ክር ጣል ማድረግ ያስፈልጋል፤ ክሩ መሐል ሲያዝ እንደ ልብ ይታያል። አንዷ ቫኪዩል ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ናት። በእያንዳንዷ ዙሪያ ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑ ቀጫጭን ቦዮች ተዘርግተዋል። መጀመሪያ የሚያብጡት ቦዮቹ ናቸው። ቀጥለው ወደ መሐል ያፈስሳሉ፤ እነሱ ሲሟሽሹ መሐሏ ክብ ሆና ትሞላለች፤ ከዚያ ድንገት ትጠፋለች። የጠፋችበት ቦታ ላይ ዓይኑን ተክሎ የቆየ ሰው ቦዮቹ እንደገና ሲያብጡ ያያል። የፊቷና የኋላዋ እኩል አይመቱም፤ እያንዳንዷ በራሷ ጊዜ ነው።

ቀጥሎ በሽፋን መስታወቱ ጠርዝ አንድ ጠብታ ቀጭን የጨው ውሃ ጨምሮ በሌላው ጠርዝ በለስላሳ ወረቀት መሳብ ነው። ምቱ ይዘገያል። ጨው ከበዛ ፓራሚሲየሙ ይጨማደዳል፣ ምቱም ይቆማል። የጽሑፉ ጸሐፊ እዚህ ድረስ ሄደው ነው የተመለሱት፤ ሕዋሱ የውሃው ተገዢ ለመሆኑ ማስረጃ ነውም ይላሉ። ቢታገሡ ግን ሌላ ነገር ያዩ ነበር። ጨው መጠነኛ ሆኖ ፓራሚሲየሙ ለሰዓታት እዚያው ከቆየ፣ ቫኪዩሏ ተመልሳ መምታት ትጀምራለች። የውጭው ጨው አልቀነሰም። የተለወጠው የፓራሚሲየሙ ውስጥ ነው፤ የውስጡን የሟሚ ክምችት ከውጭው በላይ እስኪሆን ከፍ አድርጎታል፤ ውሃም እንደገና ወደ ውስጥ መግባት ጀምሯል። ስልቻ እንዲህ አያደርግም።

ልብ ናት የተባለውም አያስኬድም። ልብን የሚጨምቀው ጡንቻ ነው። በፓራሚሲየም ቫኪዩል ዙሪያ ግን ያን ሥራ የሚሠራ ጡንቻ መሰል ነገር አልተገኘም፤ ባዶ የሚያደርጋት በዋናነት የራሷ የሜምብሬን ውጥረት ነው። ከባዱ ሥራ የሚሠራው ከመርጨቷ በፊት፣ ቦዮቹን በከበበው የቀጫጭን ቱቦዎች መረብ ላይ ነው። እዚያ የተተከሉ ፕሮቲኖች ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ነዳጅ እያቃጠሉ ፕሮቶን ወደ ቱቦዎቹ ውስጥ ይገፋሉ። በዚያ ጉልበት ሌሎች አዮኖች ይሳባሉ፤ ውሃው አዮኖቹን ይከተላል። የኤቲፒ ምርትን የሚያቋርጥ መርዝ ሲጨመር ቫኪዩሏ ሥራ ታቆማለች፤ ውሃው ግን መግባቱን አያቆምም፤ ሕዋሱም ያብጣል። ለዚህ ሁሉ ወጪ ያለ ምክንያት አይገባም። ፓራሚሲየም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የራሱን ይዘት የሚያህል ውሃ ያስወጣል፤ የጣፋጭ ውሃዋ አሜባ፣ አሜባ ፕሮቲየስ፣ በጣም ቀርፋፋ ናት፣ ሰዓታት ይፈጅባታል።

«ንጹህ ውሃ ትረጫለች» የሚለውን የፈተነ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ቦዲል ሽሚት-ኒልሰን እና ሽራውገር በጣም በቀጠነ የመስታወት ቱቦ የአሜባ ፕሮቲየስን ቫኪዩል ወግተው ፈሳሹን ቀዱ። አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማትሞላ ፍጡር ውስጥ ያለች ከረጢት ወግቶ መቅዳት ምን ዓይነት እጅ እንደሚፈልግ መገመት ነው። የቀዱት ፈሳሽ ከአሜባዋ ውስጥ ይልቅ ቀጭን ነበር፤ ከውጭው ውሃ ጋር ሲነጻጸር ግን ወፍራም ነው። ማለትም አሜባዋ ውሃ ባስወጣች ቁጥር ጥቂት ጨው ይሄድባታል፤ ያን ከምግቧና ከአካባቢዋ መልሳ ትለቅማለች። በፓራሚሲየም ላይ በኋላ የተደረገው ልኬት ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። በቫኪዩሏ ውስጥ ያለው ፖታስየምና ክሎራይድ ሕዋሱ ውስጥ ካለው ይበልጣል። ውሃው አዮኖቹን ተከትሎ ነው የገባው ካልን ይህ መሆን ያለበት ነው፤ ንጹህ ውሃ ነው ካልን ግን መልስ የለንም።

ስለ ኩላሊቱ አጭር ልበል። የእነዚህ ፍጥረታት ዋናው ናይትሮጅናዊ ቆሻሻ አሞኒያ ነው፤ እሱም በመላ ሜምብሬኑ በኩል ሰርጎ ይወጣል። ሕዋሱ ትንሽ ስለሆነ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ልዩ ማስወገጃ አያስፈልገውም። ቫኪዩሏ ቆሻሻ ለመጣል የተሠራች ብትሆን ኖሮ በባሕር የሚኖሩት ነጠላ ሕዋሳትም እኩል ታስፈልጋቸው ነበር።

እነሱ ደግሞ አብዛኞቹ የለቻቸውም። ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ያደርሰናል፤ ሁሉም አላቸው ወደሚለው። የባሕር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ እዚያ የሚኖር ነጠላ ሕዋስ ውስጡና ውጭው ይቀራረባሉ፤ ወደ ውስጥ የሚጎርፍ ውሃ የለበትም። ፎራሚኒፌራንና ራዲዮላሪያን የተባሉትን የባሕር ነጠላ ሕዋሳት ብንወስድ ይህች ከረጢት የለቻቸውም። ቢኖራቸው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆን ነበር። በሰው ደምና አንጀት ውስጥ የሚኖሩትም ብዙዎቹ የሏቸውም፤ የወባ ተሐዋሲ የላትም፤ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ የሚዘምትባት የአንጀቷ አሜባም የላትም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ። በሌላ ወገን የጣፋጭ ውሃ አልጌ የሆነው ክላሚዶሞናስ ዙሪያውን ግድግዳ እያለው ሁለት ትንንሽ ቫኪዩሎች አሉት። የጣፋጭ ውሃ ስፖንጅ ብዙ ሕዋስ ያለው እንስሳ ሆኖ ሳለ ሕዋሳቱ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የሕዋስ ቁጥር አይደለም፤ የኑሮ ቦታ ነው።

ማሳ ውስጥ የሚኖሩት ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው። እነዋሪ አካባቢ ያለውን መረሬ አፈር የሚያውቅ ሰው ያውቃል፤ ክረምት ውሃ አቁሮ ማረሻ አላስገባ ይላል፤ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የትም አፈር ውስጥ የማትጠፋው ኮልፖዳ፣ የኩላሊት ቅርጽ ያላት፣ ሲሊያ በተባሉ ፀጉር መሰል ነገሮች የምትዋኝ ትንሽ ነጠላ ሕዋስ፣ ውሃ ሲኖር በቫኪዩሏ እየረጨች ትኖራለች። ውሃው መድረቅ ሲጀምር ራሷን አድቡልቡላ፣ ውሃዋን ቀንሳ፣ ወፍራም ግድግዳ ሠርታ ትተኛለች። ዝናብ ሲመጣ ትነሣለች። በተማሪዎቻችን የጭድ ውሃ ውስጥ መጀመሪያ ከሚታዩት አንዷ እሷ ናት፤ ከጭዱ ጋር ደርቃ ነው የመጣችው።

ባክቴሪያ ላይ ስንደርስ ጽሑፉ ጭራሽ ዝም ብሏል። በዓለም ላይ ያሉት ነጠላ ሕዋሳት አብዛኞቹ እነሱ ሆነው ሳለ መርሳት ከባድ ነው። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ርዝመቱ ሁለት ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ የፓራሚሲየም ቫኪዩል ስትሞላ ብቻዋን ከእሱ ብዙ እጥፍ ትሰፋለች። የት ያስቀምጣታል? ባክቴሪያ የመረጠው ውሃውን ማስወጣት ሳይሆን መቋቋም ነው። በሜምብሬኑ ላይ ፔፕቲዶግላይካን የተባለ የተጠላለፈ መረብ አለ፤ ውሃ ገብቶ ሲወጥረው መረቡ ይይዘዋል። ግራም ፖዚቲቭ በሚባሉት፣ ወፍራም ግድግዳ ባላቸው ባክቴሪያዎች ውስጥ ይህ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት ሃያ እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። (የባሕር ጠለሉን ያነሣሁት ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለችና የእኛ አየር ከዚያ የሳሳ ስለሆነ ነው፤ ተማሪ ይጠይቃል።)

ግድግዳው ባይኖር ምን ይሆን ነበር? ይህን ፔኒሲሊን አሳይቶናል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ያስተዋለው መድኃኒት የሚሠራው የመረቡን ቋጠሮ በመከልከል ነው። ባክቴሪያው እያደገ ግድግዳው ይሳሳል፤ ከዚያ የሚያፈነዳው ራሱ ውሃው ነው። ጆሹዋ ሌደርበርግ እ.ኤ.አ. በ1956 ኢ. ኮላይን ስኳር በበዛበት ምግብ ውስጥ አድርጎ ፔኒሲሊን ጨመረበት። ግድግዳው ተበላሸ፣ በትር የነበረው ባክቴሪያ ክብ ድቡልቡል ሆነ፤ ግን አልፈነዳም፤ በሕይወት ቆየ። የውጭው ስኳር ውሃውን ይዞበታል። ያንኑ ድቡልቡል ወደ ተራ ውሃ ሲያዛውሩት ይፈነዳል። ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ ኦስሞሲስን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ሙከራ አላውቅም። ለምን ፔኒሲሊን ማይኮፕላዝማ የተባለውን ባክቴሪያ እንደማይነካም በዚያው ይገባቸዋል፤ ማይኮፕላዝማ ከመጀመሪያውም ግድግዳ የለውም።

ግድግዳ ብቻውን ግን አይበቃም። ድንገት ዝናብ ቢወርድስ? ባክቴሪያው ሜምብሬን ላይ ውጥረት የሚሰማቸው በሮች አሉ። ትልቁ፣ ኤምኤስሲኤል የሚባለው፣ ሜምብሬኑ ሊቀደድ ሲቃረብ ሦስት ናኖሜትር ገደማ ስፋት ይከፈታል፤ ፖታስየሙም ሌላውም ትንሽ ሟሚ በቅጽበት ይወጣል። ዘረመሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በ1999 ደግሞ የአበርዲን ተመራማሪዎች እሱንና ታናሹን ኤምኤስሲኤስን አንድ ላይ ያጣ ኢ. ኮላይ አዘጋጁ። ባክቴሪያው በደህና ጊዜ እንደ ሌላው ያድጋል። ከጨዋማ ውሃ ወደ ቀጭን ውሃ ድንገት ሲዛወር ግን አብዛኛው ይሞታል። ከሁለቱ አንዱ በር ካለው ይተርፋል። ውሃ እንደወደደ ይገባል፣ ሕዋሱ ቁጭ ብሎ ይቀበላል ለሚለው ሐሳብ ከዚህ የከፋ ፈተና አይታየኝም።

ይህ ነገር ከገበሬው ማሳ የራቀ አይደለም። በበጋ የደረቀ አፈር ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ውሃ እንዳያመልጠው ውስጡ ሟሚ አጠራቅሞ ይቆያል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ያን ቶሎ መልቀቅ አለበት፤ ያልቻለው ይፈነዳል። ኤች. ኤፍ. በርች ኬንያ ውስጥ ሲሠራ የደረቀ አፈር እንደገና ሲረጥብ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ለተክል የሚሆን ናይትሮጅን በድንገት እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ1958 ጽፏል፤ ክስተቱም በስሙ ይጠራል። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ከሕዋሳት የሚለቀቀው ሟሚና የሞቱት ሕዋሳት ይዘት እንደሆነ ይታሰባል። መንዝ ላይ የበልግ ዝናብ ሲጥል መሬቱ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው።

አራተኛው፣ ጨው ሁሉን ጀርም ይገድላል የሚለው ነው። «አብዛኛውን ያግዳል» ቢሉ ኖሮ አልከራከርም ነበር። ቋንጣ የሚቆየው በጨውና በማድረቅ ነው፤ የእናቶቻችን ዕውቀት በሳይንሱም የቆመ ነው። «ሁሉን» ማለት ግን አደጋ አለው። በሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ ከ10 በመቶ በላይ ጨው ባለበት ያድጋል። ላቦራቶሪዎች እሱን ከሌሎቹ ለመለየት 7.5 በመቶ ጨው ያለበት ምግብ ላይ ያሳድጉታል፤ ብዙዎቹ ይቀራሉ፣ እሱ ይበቅላል። ውጭው ጨው ሲሆንበት በመጀመሪያ ፖታስየም ይስባል፤ ከዚያ ፕሮሊንና ቤታይን የተባሉ ሟሚዎችን እየለቀመ ውስጡን ይሞላል። እነዚህ ሟሚዎች ብዙ ቢከማቹም የሕዋሱን ፕሮቲኖች ሥራ አያውኩም፤ የተመረጡትም ለዚያ ነው። በደንብ ያልደረቀ ቋንጣ ላይ ይህ ባክቴሪያ ካደገ የሚተወው መርዝ ቢቀቅሉትም በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ «ጨው ነክቶታል፣ ምንም አይሆንም» የሚል ተማሪ ማፍራት የለብንም።

ከዚያም ጨው ካልበዛ የማይኖሩ አሉ። ሌጦ የሚነግድ ሰው ጠይቁ፤ በጨው የተያዘ የበግ ሌጦ አንዳንዴ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል። አንዱ ምክንያት ጨው ወዳድ አርኬያዎች (ባክቴሪያ የሚመስሉ፣ ግን ሌላ ወገን የሆኑ ነጠላ ሕዋሳት) ናቸው፤ ከጨው ሐይቅና ከጨው ማምረቻ ኩሬ ከጨዉ ጋር ተጭነው ይመጣሉ። ሃሎባክቴሪየም የተባሉት ውስጣቸውን በፖታስየም ክሎራይድ ሞልተው ከውጭው ጨው ጋር ይስተካከላሉ፤ ፕሮቲናቸውም በዚያ ጨው ውስጥ ብቻ እንዲሠራ ሆኖ የተሠራ ነው። ተራ ውሃ ውስጥ ቢጨመሩ ይሟሟሉ። እነሱን የሚገድላቸው ጨው ሳይሆን ጨው ማጣት ነው። ዱናሊየላ ሳሊና የተባለችው አልጌ ደግሞ ጠንካራ ግድግዳ የላትም፣ ቫኪዩል አትረጭም፤ የጨው ሐይቅ ውስጥ የምትኖረው ግሊሰሮል እየሠራች ነው። ጨው ሲጨምር ግሊሰሮሏን ትጨምራለች፣ ሲቀንስ ትቀንሳለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሳል ሐይቅ በግመል ወጥቶ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል አንኮበር የሚደርሰውን ጨው የቀመሱ አባቶቻችን ሕይወት የሌለበት ነገር የቀመሱ ይመስላቸው ነበር፤ የጨው ሐይቅ ግን ነዋሪ አያጣም። ወሰን የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በዳሎል እጅግ አሲዳማና ጨዋማ ኩሬዎች ውስጥ ሕያው ነገር አላገኘም፤ እዚያው አጠገብ ካለው የጨው ሜዳ ግን የተለያዩ አርኬያዎችን አግኝቷል።

ጸሐፊው ማርን ለጨው አጋዥ ምስክር አድርገው ጠርተዋል፤ ማር ጀርም አይኖርበትም ብለው። ምስክሩ ግን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ማር ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ ሃያ እንኳ አይሞላም፤ ያም በስኳሩ ተይዟል፤ እርሾዎች ከነሕይወታቸው ተቀምጠው ማደግ ያቅታቸዋል። አልሞቱም። ጠጅ የጣለች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ማሩ በውሃ ተበርዞ ብርዝ ሲሆን ይነሣሉ፣ ያፈላሉ። እርሾው ስኳሩ ገና ብዙ በሆነበት ብርዝ ውስጥ የሚችለው ግሊሰሮል ስለሚሠራ ነው። የውጭው ክምችት ሲጨምር የሚሰማው የምልክት መስመር አለው፤ ግሊሰሮል የሚወጣበትንም በር ይዘጋል። ስኳሩ እየተበላ ሲቀንስ በሩን ከፍቶ ይለቃል። በደንብ የፈላ ጠጅ ውስጥ ጥቂት ግሊሰሮል የሚገኘው በዚህም ምክንያት ነው።

ውርጩን በአጭሩ ልለፈው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ባልዲ ላይ ስስ በረዶ መስራቱን ደብረ ብርሃን ያደረ ሁሉ ያውቃል። ውሃ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ግን በረዶው መጀመሪያ የሚሠራው ከሕዋሱ ውጭ ነው። በረዶው ጨውን ስለማይቀበል የቀረው ውሃ ይወፍራል፤ ወፍራሙ ውሃ ከሕዋሱ ውሃ ይስባል፤ ሕዋሱ ይሟሽሻል እንጂ አይፈነዳም። የተወሰነው ይሞታል፣ ብዙው ባክቴሪያ ግን ይተርፋል። ላቦራቶሪዎች ባክቴሪያን ለዓመታት የሚያስቀምጡት ግሊሰሮል ጨምረው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ መሆኑ ይበቃል። ውርጭ ላይ ያደረ ውሃ ሊፈላ ይገባዋል።

የቀረው የአሜባው ምክር ነው፤ ለዚህ ምላሽ ያነሣሣኝም እሱ ነው። የጽሑፉ አስተሳሰብ ግልጽ ነው፤ ፓራሚሲየም በጨው ይጨማደዳል፣ አሜባም ነጠላ ሕዋስ ናት፣ ስለዚህ ጨው ጠጥቶ ማድረቅ ይቻላል። ሰውን የምታሳምመው የአንጀት አሜባ፣ ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካ፣ ግን የወንዝ ውሃ ኗሪ አይደለችም። የምትኖረው በትልቁ አንጀት ውስጥ፣ የሟሚ ክምችቱ ከደማችን ጋር በሚቀራረብ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ለዚያም ነው ተኮማታሪ ቫኪዩል የሌላት። የሚጠጣው ጨው ደግሞ እሷ ዘንድ እንደተጠጣ አይደርስም። ገና ትንሹ አንጀት ላይ ሰውነት ራሱ ከደሙ ውሃ አውጥቶ ያቀጥነዋል። የሚደርቀው ሰውየው ነው። ውጤቱም ማስመለስ፣ ማስቀመጥና የደም ሶዲየም መጨመር ነው፤ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር፣ የደም ግፊትና የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው የአሜባዋ ቅርጽ፣ ሲስቱ፣ ደግሞ ካይቲን ባለበት ግድግዳ የተጠቀለለ ነው፤ አንድ ብርጭቆ የጨው ውሃ አይነካውም።

ተቅማጥ የያዘው ሰው ጨውና ስኳር በውሃ ይሰጠው የለም ወይ የሚል ይኖራል። ይሰጠዋል፤ ኦ.አር.ኤስ. (ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ጨውና ስኳር) ግን የተቀመረው በተቃራኒው ሐሳብ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ 2.6 ግራም ጨውና 13.5 ግራም ግሉኮስ አለበት፤ ጠቅላላ የሟሚ ክምችቱ 245 ሚሊኦስሞል ነው፤ የደም ደግሞ 290 ገደማ። ሆን ተብሎ ከደም እንዲቀጥን ተደርጓል፤ ውሃው ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ። ጽሑፉ የሚመክረው ወፍራም የጨው ውሃ ውሃውን ከደም ወደ አንጀት ያወጣዋል። አሜባ የጠረጠረ ሰው ሰገራውን ጤና ጣቢያ ያስመርምር፤ ከተገኘበት ለዚህ የሚሆኑ እንደ ሜትሮኒዳዞል ያሉ መድኃኒቶች ሐኪም ያዝለታል።

ለመጽሔቱ አዘጋጆች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ስለ ቫኪዩሏና ስለ ባክቴሪያው ያለውን ክርክር ጋሼና እኔ በክበቡ ፊት፣ ማይክሮስኮፑን መሐላችን አድርገን ልንጨርሰው እንችላለን፤ እሳቸውም እንደማይጠሉት አውቃለሁ። የአሜባው አንቀጽ ግን እስከዚያ መቆየት የለበትም። በሚቀጥለው እትም የመጀመሪያ ገጽ ላይ እርማት ይውጣበት፤ የተባዛው ቅጂ የደረሳቸው ትምህርት ቤቶችም እንዲያውቁት ይደረግ።